በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ደንብ ማንን ይጠብቃል?



ከሁለት ወር በፊት ከመካከላችን የአንዱ ወንድማችን የግራ እጁ ሁለት ጣቶች እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ተቆረጡ። ይህ ወንድማችን በዚሁ በሐዋሳ ከተማ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ አነስተኛ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ በጨርቅ ቆራጭነት ይሠራ ነበር። ሥራ ፈላጊ በበዛበት ጊዜ ሥራ በማግኘቱ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ ስንሰባሰብ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ጓንት አላጠለቀም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የራሱ ነው» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ያስቸኮለው አሠሪው ነው» አልን። ክርክሩ በዚያን ዕለት አላለቀም፤ በተከታዮቹ ሦስት እሑዶችም አላለቀም። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ የዚያን ክርክር ፍሬ ነው። ፍሬው መራራ ሆኖ ከተገኘ አትታዘቡን፤ መጨረሻው ወደ ራሳችን ዞሯልና።

አስቀድመን ሥራውን ለማያውቀው እንግለጽ። በስፌት ድርጅት ውስጥ ጨርቅ እንደ ሰፈር ልብስ ሰፊ አንድ በአንድ በመቀስ አይቆረጥም። በረጅም ጠረጴዛ ላይ እየተደራረበ ይነጠፋል፤ ክምሩ በቂ ሲሆን የእጅጌው፣ የደረቱና የአንገትጌው ቅርጽ የተሣለበት ወረቀት በላዩ ይደረጋል። ቆራጩም በእጅ የሚገፋ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ይዞ የወረቀቱን መስመር ይከተላል። የመቁረጫው ስለት ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ ዓይን ሊከተለው በማይችለው ፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ቀኝ እጅ እጀታውን ይገፋል፤ ግራ እጅ ደግሞ ክምሩ እንዳይንሸራተት ከስለቱ ፊት ለፊት ተጭኖ ይይዛል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ግራ እጅ የሚቀመጠው ስለቱ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። ይህ የቆራጩ ስንፍና አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው።

ስለዚህም ለዚህ ሥራ የወጡት ደንቦች በየትም አገር ተመሳሳይ ናቸው። ግራ እጅ ከትናንሽ የብረት ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት የተሠራ ጓንት ያጠልቃል። ከስለቱ ፊት ያለው መከላከያ ብረት ከክምሩ ከፍታ ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ይላል። ስለት ሲለወጥ ወይም ሲጸዳ መሰኪያው አስቀድሞ ይነቀላል። መቁረጫውን ያቆመ ሰው ስለቱ መመላለሱን እስኪያቆም ድረስ ዞር አይልም። የደነዘዘ ስለት እየተገፋ አይሠራበትም። ከእነዚህ ውስጥ ለመረዳት የሚያስቸግር አንድም የለም።

ስለ ደነዘዘው ስለት ጥቂት እንጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። አላዋቂ የሚፈራው የተሳለ ቢላዋ ነው፤ ባለሙያ የሚፈራው ግን የደነዘዘውን ነው። የተሳለው በቀላል እጅ ይሄዳል፤ የደነዘዘው ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት የበዛበት እጅ ሲያመልጠው ደግሞ ወዴት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አሞራ ገደል ወርደን አሳ የሚያጸዱትን ልጆች ብንመለከት ይህን ያስተምሩናል። በአንዱና በሁለተኛው ቆሮሶ መካከል ቢላዋቸውን ድንጋይ ላይ መለስ ቀለስ የሚያደርጉት ለጌጥ አይደለም። የመጽሐፈ መክብብም ጸሐፊ በምዕራፍ 10 ይህንኑ ያነሣል፤ እንጨት ፈላጭ በሥራው አደጋ እንዳለበት፣ ብረቱ ዶልዱሞ ያልሳለውም ሰው ኃይል መጨመር እንደሚኖርበት ያሳስባል።

ሌላም አለ። የወደቀ ቢላዋ አይቀለብም፤ እጅን ሰብስቦ እግርን ማራቅ ነው። ነገር ግን ከእኛ መካከል የሚወድቅ ነገር ሲያይ እጁን የማይዘረጋ ማን ነው? እጅ ከአሳብ ይቀድማልና። የደንብ ጥቅም የገባን ይህን ስንወያይ ነው። ደንብ ማለት ጊዜ በነበረ ጊዜ፣ ልብ በተረጋጋ ጊዜ አስቀድሞ የታሰበ አሳብ ነው፤ የተዘጋጀውም ማሰቢያ ጊዜ ለማይኖርበት ለዚያ አንድ ቅጽበት ነው። እናቶቻችን ቢላዋ ስንቀባበል እጀታውን ወደ ተቀባዩ እንድናዞር ያስተማሩን በዚህ ምክንያት ነው። በበዓል ቅርጫ ጊዜ ሥጋው ከመከፋፈሉ በፊት «ልጆቹን ዞር አድርጉ» የሚለው አባት ደንብ አውጪ ነው፤ ምንም እንኳ ወረቀት ባይጽፍም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በወንድማችን የሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ «ያለ ጓንት መቁረጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ወንድማችን በተቀጠረበት ቀን ይህን ደንብ እንደተነገረው የሚገልጽ ወረቀት ላይ ፈርሟል። አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ቀን ያ ወረቀት ከፋይሉ ወጣ።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአሠሪው ብዙ ግዴታ ይጥልበታል። ሠራተኞቹን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ፣ ስለ አጠቃቀሙም እንዲያሳይ ያዛል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ እንዲጠቀም፣ ጉድለት ሲያይ እንዲያመለክት ያዛል። ከዚህም አልፎ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ግን አንድ በር አለው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው አይጠየቅም፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም ሆን ብሎ ራስን እንደ መጉዳት ይቆጠራል።

ይህ ሲነበብ ቤቱ ጸጥ አለ። ሆን ብሎ! ወንድማችን በዚያች ከሰዓት በኋላ ሆን ብሎ ያደረገው ነገር ቢኖር የቀረውን ክምር ከመውጫ ሰዓት በፊት መጨረስ ነበር። ጣቱን ሊያጣ ያሰበ ማን አለ?

ከእኛ አንዱ ለሕጉ ተሟገተ፤ ንግግሩም ከንቱ አልነበረም። «አሠሪው ጓንት ገዝቶ፣ አስተምሮ፣ አስጠንቅቆ፣ ሠራተኛው ጓንቱን ጥሎ ቢቆረጥ አሠሪው ምን ያድርግ? ለሁሉም የሚከፍል ከሆነ የሚጠነቀቅ አይኖርም» አለ። ልክ ነው አልን። በዚህ ጊዜ እስከዚያ ዝም ብላ ትሰማ የነበረች አንዲት እኅታችን «ለመሆኑ ጓንቱ ነበረ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችን ሁለቱ በዚያው ድርጅት ውስጥ ስለሚሠሩ መልሱን ያውቁ ነበር። ቆራጮቹ አምስት ናቸው፤ ጓንቶቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ቀለበቶቹ ተበጥሰው ነበር። ሁለቱም ለትልቅ እጅ የተሠሩ ስለሆኑ ትንሽ እጅ ያለው ሰው ሲያጠልቃቸው ጨርቁን አጥብቆ መያዝ አይሆንለትም። ተቆጣጣሪው በየቀኑ በጠረጴዛዎቹ መካከል ያልፋል፤ ባዶ እጆችን ያያል፤ አንድ ቀን እንኳ ስለ ጓንት አልተናገረም። የክምር ቁጥር ሲጎድል ግን በየሰዓቱ ይናገር ነበር።

እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ደንቡ የቱ ነው? ግድግዳው የሚለው ነው ወይስ አለቃው በየሰዓቱ የሚጠይቀው? እኛ በበኩላችን ሰው የሚታዘዘው ለተለጠፈው ሳይሆን ለሚጠየቀው ነው ብለን አመንን። ማንም የማይጠይቀው ደንብ ከጊዜ ብዛት ደንብነቱ ይቀራል፤ ወረቀትነቱ ግን አይቀርም፤ አደጋ ሲመጣ ከፋይል ይወጣል። እጅን ሊጠብቅ የተጻፈው ቃል ያን ጊዜ አሠሪውን ይጠብቃል።

በዚህ ላይ ሳለን በብሉይ ኪዳን ያሉ ሦስት ሕግጋት ለክርክራችን ብርሃን ሰጡን። የመጀመሪያው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ያለው ነው። አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር ሄዶ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ጥላቻ አልነበረበትምና ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ ይድናል። ሕጉ እዚህ የሚጠይቀው «አስቦ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ሁለተኛው በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 22 ይገኛል፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው ወድቆ እንዳይሞትበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል። እዚህ ላይ ጥላቻ ስለ መኖሩ አይጠየቅም። ጣራ ጠርዝ እንዳለው እያወቀ መከታ አለማድረጉ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ያለው የተዋጊው በሬ ሕግ ነው፤ በሬው ከቀድሞ ጀምሮ ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ካልጠበቀው ፍርዱ እጅግ ይከብዳል። አለማወቅና ማወቅ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

እኛ ስንከራከር የነበረው በምሳሩ ሕግ ብቻ ነበር። «ወንድማችን አስቦ ነው? አለቃው አስቦ ነው?» እንል ነበር። ማንም አላሰበም። ነገር ግን ጥያቄው የጣራው ጥያቄ ነበር። ያንን ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው አደጋ እንዳለ አውቋል፤ ባያውቅ ኖሮ ባልጻፈ። ካወቀ በኋላ ለአምስት ሰው ሁለት ጓንት ገዛ። ስለዚህ ያ ወረቀት የሚመሰክረው በወንድማችን ላይ ብቻ አይደለም፤ ለጻፈውም ለፈረመውም እኩል ይመሰክራል።

«እጁ የራሱ ነው፤ ሊጠነቀቅበትም ሊደፍርበትም ይችላል» ያለ ነበር። ይህ የነጻነት ንግግር ስለሚመስል ወጣት ጆሮ ይወድዳል። ነገር ግን ያ እጅ በገጠር ላለች እናቱ ጤፍ መግዣ ነበር፤ ለታናሽ እኅቱ ደብተር ነበር። በእኛም መካከል የከበሮ መቺያችን እጅ ነበር። ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ሰው ያግዘዋል። እጅ በቆዳ ተለይቶ የአንድ ሰው ይሁን እንጂ፣ ሲጎድል የስንቱ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ደግሞም «እምቢ ማለት ይችል ነበር» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች፣ ይልቁንም እኅቶቻችን፣ በብዙ ሺህ ሥራ አግኝተው ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ በዚያ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስላስወጣች ብዙዎች ከሥራ ተበተኑ። ይህን ያየ ሰው የያዘውን ሥራ አጥብቆ ይይዛል፤ በር ላይ የሚጠብቁት ብዙ መሆናቸውን ያውቃልና። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው የቀረበና ብርቱ አደጋ እንዳለ በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ፈቀቅ ያለ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይከላከልለታል። በመካከላችን ይህን ቀድሞ የሰማ አንድም አልተገኘም። የሰማንም ቢሆን ከአለቃው ፊት ቆሞ የሚናገረው ማን እንደሚሆን እንጃ።

አባቶቻችን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ጥሩ ተረት ነው፤ ግን የፈሰሰው እህል ሲሆን ነው።

አሁን ልንጽፈው ወዳልፈለግነው ነገር ደረስን። በአራተኛው እሑድ ከሁለቱ የሥራ ባልደረቦቹ አንዱ ተነሥቶ እንዲህ አለ። ወንድማችን በተቀጠረበት በመጀመሪያው ወር ደህናውን ጓንት ከሁሉ ቀድሞ እየደረሰ ያጠልቅ ነበር። ነባሮቹ ቆራጮች በባዶ እጅ መሥራትን የሙያ ማዕረግ አድርገውት ነበርና ሳቁበት። ጓንት ያጠለቀ በመሆኑም «ሙሽራው» የሚል ስም አወጡለት። ስሙን ያወጣው ይህ የሚናገረው ወንድም ራሱ ነበር፤ ሌላውም እየሳቀ ያዳምቅ ነበር። እነርሱም ይህን ጨዋታ እሑድ እሑድ ወደ እኛ ይዘውት መጡ፤ እኛም ምን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ «ሙሽራው መጣ» እያልን ተቀበልነው። በአምስተኛው ሳምንት ጓንቱን ተወው። አለቃው አውልቅ አላለውም፤ ማንም አላዘዘውም። እኛ ስቀን አስወለቅነው።

በሐኪም ቤት ሳለ ልንጠይቀው ሄደን አንዳችን «ለምን አወለቅኸው?» ብሎት ነበር። ፈገግ ብሎ «ሙሽርነቱ ሰለቸኝ» አለ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን አብረነው ሳቅን።

ይህን ከሰማን በኋላ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄያችን ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ታየን። ጥፋትን እንደ ቅርጫ ሥጋ ቆጥረነው ነበር። በቅርጫ አንዱ ብዙ ከወሰደ ለሌላው ያንሳል። ስለዚህ ወንድማችን ጥቂት ከወሰደ ለአሠሪው የሚቀንስለት፣ እኛ ከወሰድን ደግሞ ለሁለቱም የሚቀልላቸው መስሎን ነበር። ጥፋት ግን እንዲህ አይመደብም። አሠሪው ለአምስት ሰው ሁለት ጓንት መግዛቱ በእኛ ሳቅ ምክንያት ሦስት አይሆንለትም። እኛም የሳቅነው ሳቅ አሠሪው ስለሰነፈ አይቀንስልንም። እያንዳንዱ የራሱን ሙሉውን ይይዛል። ወንድማችንም የራሱን ይዟል፤ እርሱ ግን ከሁላችንም አስቀድሞ ከፍሏል።

ይህም የአሳብ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። የሥራ ተቆጣጣሪዎች ጉዳዩን ይዘው ምስክር ስለጠየቁ ሁለቱ ወንድሞች ሊቀርቡ ሆነ። አንደኛው እስከ ዛሬ በዚያው ይሠራል፤ መመስከሩ እንጀራውን ሊያሳጣው እንደሚችል ያውቃል። ይህ ፍርሃት ነውር አይደለምና ማንም አልወቀሰውም። ከዚህ የከበደው ሌላው ነበር። ስለ ሁለቱ ጓንቶችና ስለ ተቆጣጣሪው ዝምታ ቢናገሩ ወንድማችንን ይረዳዋል። ስለ ሳቁ ቢናገሩ ግን አንድ ወር ሙሉ ጓንት ማጥለቁ፣ ጥቅሙን ማወቁና በራሱ እጅ መተዉ ይገለጣል፤ «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። እውነቱን ግማሽ አድርገን ወንድማችንን እንርዳ? ወይስ ሙሉውን ተናግረን እንጉዳው? ግማሹ ይበቃል ያሉት በቁጥር ይበልጡ ነበር፤ የሚሉትም ከፍቅር የተነሣ ነበር። «አሠሪው ግማሹን እየተናገረ እኛ ለምን ሙሉውን?» ሲሉ የሚመልስላቸው ታጣ።

በመጨረሻ የተጎዳው ሰው ሳይጠየቅ በእርሱ ነገር መወሰናችን ነውር መሆኑን ያስታወሰችን ያችው ስለ ጓንቱ የጠየቀችው እኅታችን ናት። ሄደን ጠየቅነው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ሳቁን ብትደብቁልኝ ጓንቱን ከነጭራሹ የማላውቅ ሰው ትመስሉኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ ሙያዬን አውቅ ነበር። ሁሉንም ተናገሩ፤ ግን ስንት ጓንት እንደ ነበረ ሳትናገሩ እንዳትወጡ» አለን።

ሁለቱ ወንድሞች ቃላቸውን በአንድ ወረቀት ጽፈው ባለፈው ረቡዕ አቀረቡ። የሳቁ ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፤ የጓንቶቹ ቁጥር በሁለተኛው። ውሳኔው ገና አልተሰጠም።

አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ሳምንት ድርጅቱ ሦስት አዲስ ጓንቶች ገዝቷል፤ ሁለቱ ለትንሽ እጅ የሚሆኑ ናቸው። በወንድማችን ቦታ የተተካው ልጅ አንዱን ሲያጠልቅ የሳቀ አልነበረም።